ነቀምቴን ስንመርጥ ግራፉ ምን ይመልሳል?

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የምሥራቅ ወለጋ ዞን ሕዝብ 1,213,503 ነበር፤ ከዚህም ውስጥ 606,379 ወንዶች፣ 607,124 ደግሞ ሴቶች ናቸው። የዞኑ ዋና ከተማ ነቀምቴ 38,385 ወንዶችና 36,834 ሴቶች፣ በድምሩ 75,219 ነዋሪዎች ነበሯት። አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ በዞኑ ሴቶች በጥቂቱ ይበዛሉ፤ በከተማዋ ግን ወንዶች ይበልጣሉ። ይህን ልዩነት በዳሽቦርድ ላይ ለማየት የሚሞክር ተማሪ ያው አንድ ረድፍ ላይ ተጭኖ አንዴ ያየዋል፣ አንዴ ያጣዋል። ለምን?

ዳሽቦርድ ማለት ሠንጠረዦችና ግራፎች እርስ በርስ ተያይዘው በአንድ ገጽ የሚታዩበት ሰሌዳ ነው። ተዋረዳዊ ሠንጠረዥ ደግሞ ረድፎቹ እንደ ወላጅና ልጅ የተደራጁበት ነው። በላይኛው እርከን ምሥራቅ ወለጋ፣ ምዕራብ ወለጋ፣ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋና ቄለም ወለጋ ይሰለፋሉ። የመደመር ምልክቱን ስንጫን ዞኑ ተከፍቶ ከተሞቹና ወረዳዎቹ ከሥሩ ይዘረዘራሉ።

አንድ ረድፍ ስንመርጥ ሠንጠረዡ ለሌሎቹ ግራፎች የሚልከው ቁጥሩን ሳይሆን ቅድመ ሁኔታ ነው። ዞኑን ብንመርጥ «ዞኑ ምሥራቅ ወለጋ የሆነውን ሁሉ» ይላል። ነቀምቴን ብንመርጥ ግን «ዞኑ ምሥራቅ ወለጋ፣ ከተማው ነቀምቴ የሆነውን» ብሎ የወላጁንም ስም ጨምሮ ይልካል። ወላጁ መጨመሩ ግን ሁልጊዜ ከስሕተት አያድንም። ጊምቢ የከተማም የወረዳም ስም ነው፤ ሁለቱም በምዕራብ ወለጋ ይገኛሉ። በስም ብቻ የተሠራ ሠንጠረዥ ሁለቱን ደባልቆ አንድ ረድፍ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቢያንስ «ጊምቢ ከተማ» ተብሎ መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ነቀምቴ እንመለስ። የወንዶችና የሴቶች ብዛት በሁለት ዓምዶች የተሣለበት ግራፍ አለን እንበል። የማይክሮሶፍት ፓወር ቢአይ እንዲህ ላለው የዓምድ ግራፍ በራሱ የሚመርጠው መንገድ ማድመቅ ነው። የዞኑ ዓምዶች ደብዝዘው ይቆያሉ፤ በውስጣቸው የነቀምቴ ድርሻ ብቻ ይደምቃል። ከተማዋ ከዞኑ ሕዝብ 6.2 በመቶ ያህል መሆኗን ዓይን ወዲያው ይገምታል። ነገር ግን በስድስት መቶ ሺህ መለኪያ ላይ 1,551 ሰው የፀጉር ያህል ነውና የወንዶቹ ብልጫ አይታይም። ሁለተኛው መንገድ ማጣራት ነው። የቀረው ዞን ይወገዳል፣ መለኪያውም ለነቀምቴ ይስተካከላል፤ የወንዶቹ ዓምድ ከፍ ብሎ ይታያል። ይሁንና በዚህ ጊዜ የከተማዋ ዓምዶች የዞኑን ያህል ረዝመው ስለሚቆሙ ድርሻዋ ከዓይን ይሰወራል። እንግዲህ ድርሻ ለሚጠይቅ ማድመቅ፣ ስብጥር ለሚጠይቅ ማጣራት ይስማማዋል። የመስመር ግራፍና ሌላ ሠንጠረዥ ማድመቅን ስለማያውቁ ሁልጊዜ ያጣራሉ።

ምርጫውን ለመቀየር ሠንጠረዡን መርጦ፣ ቅርጽ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ግንኙነት ማስተካከያውን መክፈት ነው። በየግራፉ ጥግ የማጣሪያ፣ የማድመቂያና «ምንም አታድርግ» የሚሉ ምልክቶች ይወጣሉ። ችግሩ ይህ ትእዛዝ እርከን አይለይም። «ዞን ሲመረጥ አጣራ፣ ከተማ ሲመረጥ ግን ዞኑን አሳይ» ብሎ በምልክት ማዘዝ አይቻልም።

ይህን ለማድረግ ቀመር መጻፍ ግድ ይላል። ብዙ ጀማሪዎች ኢዝኢንስኮፕ የተባለውን ተግባር ይሞክራሉ። ይህ ተግባር ግን የሚመልሰው ራሱ ያለበት ግራፍ በየትኛው እርከን እንደተከፋፈለ ነው፤ ከውጭ የመጣውን ምርጫ አያይም። ከውጭ የመጣውን የሚያይ ኢዝፊልተርድ ነው፦ የከተማው ዓምድ ተጣርቶ እንደሆነ «እውነት» ይላል። በዚህ ጊዜ ሪሙቭፊልተርስ በተባለው ተግባር የከተማውን ቅድመ ሁኔታ ብናነሣ የዞኑ ይቀራልና ግራፉ ምሥራቅ ወለጋን እንዳለ ያሳያል። ወላጁ አብሮ መላኩ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ባይላክ ኖሮ ግራፉ አራቱንም ዞኖች ደምሮ 3,938,321 ይል ነበር።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በሀገራችን የጤና አገልግሎት የተስፋፋው ዲኤችአይኤስ2 በዚህ ረገድ የተለየ ጠባይ አለው። በተቋማት ዛፍ ላይ ዞኑን ብቻ የመረጠ ሰው የዞኑን አንድ ድምር እንጂ የወረዳዎቹን ዝርዝር አያገኝም። ዝርዝሩን ከፈለገ እርከኑን ለይቶ መምረጥ አለበት። በፓወር ቢአይ የለመደ ሰው በአንደኛው ቀን ወረዳዎቹ ሪፖርት ያልላኩ መስሎት ሊደናገጥ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ወላጁ ራሱ ሲለወጥ ነው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ወለጋ በምሥራቅና በምዕራብ ብቻ የተከፈለ ነበር፤ በ1999ኙ ቄለም ከምዕራብ፣ ሆሮ ጉዱሩ ከምሥራቅ ተለይተው ራሳቸውን ችለዋል። የሁለቱን ቆጠራዎች መረጃ በየዘመኑ የዞን ስም አስገብቶ «ምዕራብ ወለጋ» የሚለውን ረድፍ የሚጫን ሰው፣ የመስመር ግራፉ የሚያወዳድርለት ሁለት የተለያዩ ግዛቶችን ነው። ማጣሪያው የታዘዘውን በትክክል ስለፈጸመ ምንም ማስጠንቀቂያ አያወጣም። ወረዳዎቹን በ1999ኙ ወሰን መሠረት ለሁለቱም ዘመናት አንድ ወላጅ ከሰጧቸው በኋላ ብቻ ምርጫው አንድ ዓይነት መሬት ይዞ ይጓዛል።