የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ሠሪዎችን ሙያ በምን እንመዝናለን?

በጎፋ ገብርኤል አካባቢ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በምናልፍበት መንገድ ላይ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት አለ። በውስጡ አራት ቴሌቪዥኖች፣ በየቴሌቪዥኑም ፊት አንዳንድ አግዳሚ ወንበር ይገኛል። ወላጆቻችን ስለዚህ ቤት ያላቸው አስተያየት የታወቀ ስለ ሆነ እኔ ዛሬ ልከራከርለት አልተነሣሁም። የተነሣሁበት ምክንያት ሌላ ነው። ይኸውም በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ ዘወትር የምንከራከርበት አንድ ጉዳይ ስላለና፣ እኔም በዚሁ ጉዳይ በችኰላ በሰጠሁት ፍርድ አንድ የክፍል ጓደኛዬን ስላሳዘንሁት ነው።

ክርክሩ እንዲህ ነው። አንዱ «የዚህ ጨዋታ ሠሪዎች ጐበዞች ናቸው፤ የተጫዋቹን ላብ እንኳ ተመልከት» ይላል። ሌላው ደግሞ «የዚያኛው ይበልጣል» ብሎ ይመልሳል። ሁላችንም በማስረጃነት የምናቀርበው ዓይናችን ያየውን ሥዕል ብቻ ነው። ሥዕሉ ያማረ እንደ ሆነ ሠሪው ዐዋቂ ይባላል፤ ሥዕሉ የደበዘዘ እንደ ሆነ ሠሪው ሰነፍ ይባላል። እኔም እንደዚሁ አምን ነበር።

ባለፈው ኅዳር ወር ጓደኛዬ ራሱ የሠራውን ጨዋታ በእናቱ የእጅ ስልክ ላይ ይዞ ወደ ክፍል መጣ። (ስሙን እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ አልጽፈውም።) ጨዋታው ከጎፋ ማዞሪያ ተነሥቶ ወደ ሳሪስ የሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ሾፌሩ ከጉድጓድና ከሌሎች መኪኖች እየሸሸ መንገደኛ ይጭናል። መኪኖቹ የክብሪት ሣጥን ይመስሉ ነበር፤ ሦስት መኪኖች ባንድነት በታዩ ጊዜም ሥዕሉ ይንገዳገድ ነበር። እኔም በክፍሉ ሁሉ ፊት «አንተ፣ ፊፋን አይተህ አታውቅም እንዴ?» አልሁት። ክፍሉ ሳቀ። እርሱ ግን ሳይቈጣ «ፊፋን የሚያጫውተው መሣሪያ ራሙ ስንት ነው? የእማዬ ስልክስ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ለመፈለግ ብዙ ሳምንት ፈጀብኝ። ያገኘሁትንም ከዚህ ቀጥሎ እጽፋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልናገር። ራም ማለት መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ የሚያስፈልገውን ነገር ሁሉ ዘርግቶ የሚያኖርበት ስፍራ ነው፤ እንደ ወጥ ቤት ጠረጴዛ መሆኑ ነው። ዕቃ ቤቱ ምንም ሰፊ ቢሆን ጠረጴዛው ላይ ያልወጣ ሽንኩርት አይከተፍም። በ1994 በጃፓን የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዋና ራሙ 2 ሜጋባይት ነበር። በ2000 የወጣው ሁለተኛው 32 ሜጋባይት ነበረው፤ በ2013 የወጣው አራተኛው ደግሞ 8 ጊጋባይት አለው። 8 ጊጋባይት 8192 ሜጋባይት ስለ ሆነ፣ አራተኛው ከሁለተኛው 256 እጥፍ፣ ከመጀመሪያውም 4096 እጥፍ ሰፊ ጠረጴዛ አለው ማለት ነው። እንግዲህ በ256 ጠረጴዛዎች ላይ የሚሠራን ወጥ ቤት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከሚሠራ ጋር አስተያይተን «ያኛው ይበልጣል» ስንል የመዘንነው ጠረጴዛውን እንጂ ባለሙያውን አይደለም።

ለዚህ ከፊፋ የተሻለ ምሳሌ የለም። ፊፋ 14 በ2013 ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ፕሌይስቴሽን ወጥቶ ነበር። በሽፋኑ ላይ ያለው ስም አንድ ነው። ነገር ግን ለሁለተኛው የወጣው በአመዛኙ የቡድኖቹ ስም ዝርዝርና መለያ የታደሰበት የቀድሞው ጨዋታ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ጐን ለጐን አስቀምጦ መፍረድ በአዲስ ሥራና በአሮጌ ሥራ መካከል መፍረድ ነው። እኛም በአግዳሚው ወንበር ላይ ይህንኑ እናደርግ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በቴሌቪዥኑ ላይ የሚንቀሳቀስ የሚመስለን ነገር በእውነቱ እየተፈራረቁ የሚታዩ የቆሙ ሥዕሎች ናቸው። በአንድ ሰኮንድ 60 ሥዕል የሚታይ እንደ ሆነ ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚደርሰው 16.7 ሚሊሰኮንድ ብቻ ነው፤ 30 ከሆነ 33.3 ሚሊሰኮንድ ይሆናል። የሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ፕሮሰሰር በሰኮንድ 294 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይመታል። ይህን ለ60 ብናካፍለው ለአንድ ሥዕል 4.9 ሚሊዮን ምት ይደርሳል። በሜዳው ላይ 22 ተጫዋቾችና አንድ ዳኛ ቢኖሩ ለአንድ ሰው 213 ሺሕ ምት ያህል ነው፤ ያውም ኳሱ፣ ተመልካቹና ድምፁ ሳይቈጠሩ። ጨዋታ ሠሪው በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራውን ያልጨረሰ እንደ ሆነ ቀጣዩ ሥዕል ይዘገያል፤ ዓይናችንም መንገዳገዱን ያያል። በፈተና ላይ «ጊዜ አልቋል» ሲባል እስክሪብቶ እንደምናስቀምጥ ሁሉ፣ እርሱ በያንዳንዱ ሰኮንድ 60 ጊዜ ይፈተናል።

ታዲያ ባለሙያነት በምን ይታወቃል? እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ በጣም አሮጌው ምሳሌ ነው። በ1982 ዴቪድ ክሬን የተባለ አሜሪካዊ አታሪ 2600 ለተባለው መሣሪያ ፒትፎል የተሰኘ ጨዋታ ሠራ። የመሣሪያው ራም 128 ባይት ብቻ ነው። አንድ ባይት አንድ የላቲን ፊደል የሚይዝ ስፍራ ስለ ሆነ፣ 128 ባይት በላቲን ፊደል ሁለት መሥመር ያህል ጽሑፍ ነው። ጨዋታው በሙሉ ደግሞ 4096 ባይት ነበር። በውስጡ ግን 255 የተለያዩ የዱር ስፍራዎች አሉ። 4096ን ለ255 ብናካፍል ለአንዱ ስፍራ 16 ባይት ይደርሰዋል፤ ለፕሮግራሙ ለራሱ ግን ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ስፍራዎቹን አንድ በአንድ ሥሎ ማስቀመጥ አይቻልም ነበር። ክሬን ያደረገው ይህ ነው፤ ስምንት ዜሮና አንዶች ያሉበትን አንድ ቍጥር ወስዶ፣ አኃዞቹን አንድ ደረጃ አንሸራትቶ፣ ባዶ የሆነውን ቦታ ከሌሎቹ አኃዞች በተሰላ አዲስ አኃዝ የሚሞላ ደንብ አወጣ። ደንቡ በተደጋገመ ቍጥር ቍጥሩ በ255 መልኮች ሁሉ አልፎ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ከነዚያ አኃዞች አንዳንዶቹ ዛፉን፣ አንዳንዶቹ ጉድጓዱንና አዞውን ይወስናሉ። ተጫዋቹ ወደ ኋላ ሲሮጥ ደንቡም ወደ ኋላ ይሠራል። እኔ ይህን ደንብ በደብተሬ ላይ በአራት አኃዝ ሞክሬው ከ15 መልክ በኋላ ወደ መነሻው ተመለሰልኝ፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንደዚያ አጥሮብኝ አያውቅም።

በ1996 የወጣው ክራሽ ባንዲኩት የተባለው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጨዋታም እንዲሁ ነው። የጨዋታው ስፍራዎች በ2 ሜጋባይት ውስጥ የሚገቡ አልነበሩም። ኖቲ ዶግ የተባለው ድርጅት ባለሙያዎች እያንዳንዱን ስፍራ 64 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ከፋፍለው፣ ተጫዋቹ ወደ ፊት በሄደ መጠን ቀጣዩ ገጽ ከሲዲው እንዲነሣ አደረጉ። ደግሞም ተመልካቹ የሚያይበት መንገድ አስቀድሞ የተወሰነ ስለ ነበረ፣ ከየስፍራው የትኛው ነገር እንደሚታይና የትኛው ከየትኛው ፊት እንደሚሆን በሥራ ቤታቸው በትልልቅ ኮምፒዩተር አስልተው ውጤቱን ብቻ በሲዲው ላይ አኖሩት። በሥራ ቤት የተሠራው ሥራ በጨዋታው ሰዓት አይደገምም። እናቶቻችን ለፋሲካ በርበሬውን አስቀድመው አስፈጭተው እንደሚያኖሩት ማለት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ትክክል እንዲሆን መሣሪያውን አንድ ማድረግ ያስፈልጋል። የጨዋታ መሣሪያ ለዚህ እጅግ ይመቻል፤ በጎፋ ያለውም በቶኪዮ ያለውም ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን በውስጡ ያው ነው። ከዋናው ፕሮሰሰር ጋር ሁለት ቬክተር ዩኒት የተባሉ አስሊዎች አሉት፤ እነርሱን ሥራ ማስያዝ ግን አስቸጋሪ ነበር። በ2000 የወጡትን የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች በ2007 ከወጣው ጎድ ኦፍ ዋር ሁለት ጋር ያስተያየ ሰው መሣሪያው የተለወጠ ይመስለዋል። ነገር ግን በመሣሪያው ላይ አንድ ባይት ራም እንኳ አልተጨመረም። የተጨመረው የሰው ዕውቀት ነው፤ በርግጥ ገንዘብና ጊዜም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ግን ክፍሉና እኔ የማንስማማበት ጉዳይ አለ። በ2005 የወጣው ሻዶ ኦፍ ዘ ኮሎሰስ የተባለው ጨዋታ ጠጕራቸው የሚወዛወዝ ታላላቅ ግዙፋንን ያሳያል፤ ተጫዋቹም በጠጕራቸው ላይ ይወጣል። ሥዕሉ ግን ብዙ ጊዜ ከ30 በታች ይወርዳል። በ2001 የወጣው ሜታል ጊር ሶሊድ ሁለት ደግሞ በዚያው መሣሪያ ላይ በ60 ይሮጣል። ጓደኞቼ የፊተኛው ይበልጣል ይላሉ። እኔ ግን ከአቅም በላይ ቃል የገባ ሰው ምንም ሐሳቡ የተከበረ ቢሆን በሙያ ረገድ ነጥብ ሊቀነስበት ይገባል እላለሁ። ትልቅ መሆንም ከዚህ ስሕተት አያድንም፤ ሳይበርፐንክ 2077 በታኅሣሥ 2020 በወጣ ጊዜ በአራተኛው ፕሌይስቴሽን ላይ በደንብ አልሠራ ብሎ ሶኒ ከራሱ መደብር አንሥቶት ነበር፤ የተመለሰው በ2021 ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ወደ ጓደኛዬ ሄጄ፣ እንደ ጠበቃ ተዘጋጅቼ፣ «የእናትህ ስልክ ራሙ 1 ጊጋባይት ነው፤ ከሁለተኛው ፕሌይስቴሽን 32 እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ለምን ይንገዳገዳል?» አልሁት። እርሱም እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፤ «ፕሌይስቴሽን ለጨዋታ ብቻ የተሠራ አንድ ዐይነት ዕቃ ነው፤ ሠሪው ዐሥር ዓመት ሊያጠናው ይችላል። ስልክ ግን ሺሕ ዐይነት ነው፤ ራሙንም አንድሮይዱ፣ ቴሌግራሙና የእማዬ ፎቶግራፎች ይካፈሉታል።» ይህ እውነት ነው። በአገራችንም ለጨዋታ ሠሪ የተከፈተው በር በአመዛኙ የእጅ ስልክ ነው። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራውና በ2018 ገደማ የታወቀው ኩኩሉ፣ እንዳትታረድ ከገበሬው የምትሸሸው ዶሮ ጨዋታ፣ የተሠራው ለስልክ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ከፊፋ ጋር ማስተያየት አይገባም፤ ፊፋን የሚሠሩት እጅግ ብዙ ሰዎች ናቸው። የሚገባው ጥያቄ በርካሽ ስልክ ላይ ሳይቆም ይሄዳል ወይ የሚለው ነው።

ይህንንም መለካት ይቻላል። የአጎቴ ስልክ በሰኮንድ 120 ፎቶግራፍ የሚያነሣ ነው። በእርሱ የጓደኛዬን ጨዋታ ቀርጬ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ እያሳለፍሁ ቈጠርሁ። አንዱ ሥዕል ሳይለወጥ በ4 ፎቶግራፎች ላይ የታየ እንደ ሆነ ጨዋታው በ30 ይሄዳል ማለት ነው፤ በ8 የታየ እንደ ሆነ በ15። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፤ በአንደኛው ምሽት መብራት ጠፍቶ በሻማ ቈጥሬአለሁ። ሦስት መኪኖች በመንገዱ ላይ ሳሉ ቍጥሩ 4 ነበር። ወደ 12 የዘለለው ሦስተኛው መኪና ብቅ በሚልበት ቅጽበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁላችንም እንዳሰብነው ጥፋቱ የመኪኖቹ ብዛት አልነበረም።

ቍጥሮቹን ለጓደኛዬ ሰጠሁት። እርሱም ነገሩን ወዲያው ተረዳው። ፕሮግራሙ መኪና በተፈለገ ቍጥር አዲስ ይሠራና ያለፈውን ይጥል ነበር፤ ስልኩም የተጣለውን ለመጥረግ ሥራውን ያቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስድስት መኪኖች ብቻ መጀመሪያ ላይ ሠርቶ፣ ከኋላ የቀረውን ቀለሙን ለውጦ ከፊት መልሶ ያሰልፈዋል።

በሚያዝያ ወር እንደገና ቀረጽሁ፤ እንደገናም ቈጠርሁ። በማግሥቱ ከክፍል ጓደኞቻችን ፊት ወጥቼ የኅዳሩን ቍጥሮች በሰሌዳው በስተ ግራ፣ የሚያዝያውን በስተ ቀኝ ጻፍሁ። በስተ ቀኝ ሁሉም 4 ነበር፤ በሁለት ቦታ ብቻ 6 ይታያል። አንደኛው 6 ሚኒባሱ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ነው። ሁለተኛውን ጓደኛዬ እስካሁን እየፈለገው ነው።