አንዱ ሲታመም ቤተሰቡ ሁሉ፦ የወላጅ የአእምሮ ሕመም

እኩል ርዝመት ያላቸውን ሁለት ፔንዱለሞች በአንድ አግድም በተወጠረ ክር ላይ አንጠልጥለን አንደኛውን ብቻ ብንገፋው፣ ጥቂት ቆይቶ ማንም ያልነካው ሁለተኛው መወዛወዝ ይጀምራል። እንዲያውም የመጀመሪያው ለአፍታ ቀጥ ሲል ሁለተኛው በርትቶ ሲወዛወዝ እናያለን። የሚያገናኛቸው ክር እስካለ ድረስ የአንዱ እንቅስቃሴ የአንዱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቤተሰብም እንዲሁ የተሳሰረ ነው። አባት ወይም እናት በአእምሮ ሕመም ሲያዙ በቀሪው ቤተሰብ ላይ ምን ይደርሳል?

በሳይንስ ታሪክ ከሚታወቁት ምሳሌዎች አንዱ የአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ የጆን ናሽ ቤተሰብ ነው (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ናሽ በ1957 ያገባት አሊሺያ የፊዚክስ ምሩቅ ነበረች። በ1959 መጀመሪያ፣ እርሷ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ናሽ ስኪዞፍሬኒያ በተባለው ሕመም ተይዞ ሆስፒታል ገባ። በዚያው ዓመት የተወለደው ልጃቸው አንድ ዓመት ያህል ስም ሳይወጣለት ቆየ፤ እናቱ፣ አባቱም በስም ማውጣቱ እንዲካፈል ትሻ ነበርና። ሕመሙ ገና ሰው ያልለየውን ሕፃን እንኳ እንደነካው ልብ እንበል። ባልና ሚስቱ በ1963 ተፋቱ።

በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ሦስት ነገሮች ተደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው የኃላፊነት መገለባበጥ ነው፤ ታላቅ ልጅ ታናናሾቹን ያሳድጋል፣ ወላጁን ይጠብቃል፣ ትምህርቱ ይጎዳል። ሁለተኛው ልጆች «ያሳመምነው እኛ ነን» ብለው ራሳቸውን መውቀሳቸው ነው። ሦስተኛው መደበቅ ነው። በአገራችን በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ በ2001 በታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት የሕሙማን ቤተሰቦች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። መገለልን የፈራ ቤት በሩን ይዘጋል፤ በሩን የዘጋ ቤት ደግሞ ረዳት አያገኝም።

«እኔም እታመም ይሆን?» የሚለው ፍርሃትም አለ። በስኪዞፍሬኒያ የመያዝ ዕድል በጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ አንድ ገደማ ሲሆን፣ አንድ ወላጁ ለታመመበት ልጅ ከመቶ ወደ አሥር ይጠጋል። ዕድሉ መጨመሩ እውነት ነው፤ የናሽ ልጅም በኋላ በዚሁ ሕመም ተይዟል፤ ሆኖም በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝቷል። ከመቶው ዘጠና ያህሉ ግን አይያዙም። ስለዚህ የወላጅ ሕመም በልጅ ላይ የተጻፈ ፍርድ አይደለም።

በክሩ የሚተላለፈው መናወጥ ብቻ እንዳልሆነም እናስተውል፤ እርጋታም ይተላለፋል። አሊሺያ በ1970 የቀድሞ ባሏን መልሳ በቤቷ አስጠጋችው። ናሽ ቀስ በቀስ አገግሞ በ1994 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከሁለት ምሁራን ጋር ተሸለመ፤ በ2001 ዳግም ተጋቡ፤ በ2015 በመኪና አደጋ አብረው እስኪሞቱም አልተለያዩም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ሕመሙን በስሙ እንጥራው፤ ለልጆችም በሚገባቸው ቋንቋ እንንገራቸው። ሕመምተኛው በጊዜ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ። አጎት፣ አክስትና ጎረቤት ተራ ገብተው ያስታምሙ፤ ሸክሙ በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ አይውደቅ። ወላጁ የታመመበት ተማሪም ለሚያምነው ዘመድ ወይም መምህር ቢናገር ሸክሙን ያካፍላል እንጂ ቤቱን አያዋርድም።