የንብረት ኃላፊ ሥራና ሙያ

ብዙ ሰው የንብረት ኃላፊ ሲባል የግምጃ ቤት ቁልፍ ይዞ የሚቀመጥ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ኃላፊው የገባውን ዕቃ በሞዴል 19፤ የወጣውን በሞዴል 22 ከማስመዝገቡም በላይ ቀን ማስላት አለበት።

ለምሳሌ አንድ ትምህርት ቤት በቀን 2 ፓኮ ጠመኔ ቢፈጅና የታዘዘው በ15 ቀን ቢደርስ፤ እስከዚያ 30 ፓኮ ያስፈልጋል። ለክፉ ቀን 10 ሲጨመርበት፤ 40 ፓኮ ሲቀር ማዘዝ ይገባል ማለት ነው።

የማዳበሪያም ነገር እንዲሁ ነው። ከውጭ አገር በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፤ በመኪና ተጭኖ አዲስ ቅዳም እስኪደርስ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ክረምት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ የመጣ ማዳበሪያ ግምጃ ቤት ይሞላል እንጂ ጎተራ አይሞላም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን ሙያ የሚመርጥ ሁሉ በታማኝነቱ ላይ ሒሳብን ይጨምርበት።