ኮምፒውተር ላይ ስንቀመጥ እጃችን ለምን ይደነዝዛል?

በዛሬው የትምህርት አምዳችን ኤርጎኖሚክስ ስለሚባል ነገር ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ኤርጎን» ሥራ፣ «ኖሞስ» ደግሞ ሕግ ማለት ነው። ባጭሩ ዕቃው ለሰው እንዲስማማ ማድረግ ነው፤ ሰውየው ለዕቃው ሲል እንዳይጣመም።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት በእህቴ ምክንያት ነው። እህቴ ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ጸሐፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻና ውል ስትጽፍ ትውላለች። አማርኛ ደግሞ ጣት ያደክማል። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች «ላ»ን ለማግኘት መጀመሪያ ኤልን፣ ቀጥሎ ኤን መምታት አለባችሁ፤ ለአንድ ፊደል ሁለት ምት ማለት ነው። ባለፈው ክረምት እህቴ ሌሊት ሌሊት እጇን እያራገፈች መንቃት ጀመረች። አውራ ጣቷ፣ ጠቋሚዋና የመሀል ጣቷ ይደነዝዛሉ፤ ትንሿ ጣቷ ግን ምንም አትልም። እናቴ «ብርድ ነው» ብላ በቅባት ታሽላት ነበር። በኋላ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ነርቭ ነው አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእጃችን አንጓ ውስጥ አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። በዚያ ውስጥ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣበው ያልፋሉ። አንጓችን ለረጅም ሰዓት ታጥፎ ሲቆይ ወይም ውስጡ ሲያብጥ ነርቩ ይጨፈለቃል። ይህ ነርቭ የሚሄደው ወደ አውራ ጣት፣ ወደ ጠቋሚ፣ ወደ መሀል ጣትና ወደ ቀለበት ጣት ግማሽ ነው። ለዚህ ነው ትንሿ ጣት የማትደነዝዘው! እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። በእርግጥ መጻፍ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ስኳር በሽታና እርግዝናም ያመጡታል።

እህቴ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ሌሊት ሌሊት እንድታስር ታዘዘላት። ሥራ ቦታዋ ሄጄ ሳይ ደግሞ ጠረጴዛው ከፍ፣ ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ የምትጽፈው አንጓዋን ወደ ላይ ሰብራ ነበር። ብርድ ልብስ አጥፈን ወንበሩ ላይ ስናደርግ ክርኗ ከኪቦርዱ እኩል ሆነ። አሁን ተሽሏታል፤ ሥራ ሲበዛባት ግን አሁንም ትነቃለች።

ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ዕቃ አለ። መሀሉ የተከፈለ ኪቦርድ አለ፤ ማይክሮሶፍት በ1994 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ አውጥቷል። ሰው እንደሚጨብጡ ሆነው የሚይዙት ማውዝም አለ። ጥሩ ናቸው፣ ግን ውድ ናቸው፤ በእኔ አስተያየት ደግሞ ወንበሩ ካልተስተካከለ ብዙም አይጠቅሙም።

እስቲ ወደ እኛ ኮምፒውተር ክፍል እንምጣ። ወንበሮቹ ለትልቅ ሰው የተሠሩ ስለሆኑ የ5ኛ ክፍል ልጆች እግራቸው ተንጠልጥሎ ነው የሚማሩት። እግር ሲንጠለጠል ጀርባ ይጎብጣል፣ አንገትም ወደ ፊት ይወጣል። ስክሪኑ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፣ የላይኛው ጫፉም ከዓይናችን ጋር እኩል ይሁን። ላፕቶፕ ላይ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ስክሪኑና ኪቦርዱ የተያያዙ ስለሆኑ አንገት ሲመቸው እጅ አይመቸውም። መፍትሔው ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ ከፍ አድርጎ ሌላ ኪቦርድ መሰካት ነው። ለዓይን ደግሞ በየ20 ደቂቃው፣ ለ20 ሴኮንድ፣ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ማየት ይመከራል። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን መጨፈን ስለምንረሳ ነው የሚቆጠቁጠን።

ክበባችን ባለፈው አርብ መምህራችንን አስፈቅዶ ከእግር ሥር የሚሆን ጡብ አምጥቷል። ከመጸዳጃ ቤቱ ግንባታ የተረፈ ነው። 6 ብቻ ስለሆነ እግሩ ወለል የማይነካ ልጅ ይቅደም። ስትወጡ ግን እባካችሁ በሩ ላይ አትተዉት፤ ሰኞ ዕለት መምህራችን ተደናቅፈውበታል።