የልጁ እንጥል ይቆረጥ ወይ?

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ጉሮሮው አብጦ ምግብ እምቢ ብሏል። አያቱ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» ይላሉ። ምን ይሻለኛል? (ከደጀን)

መልስ፦ አያስቆርጡት። እንጥል ስንውጥ ከላንቃው ጋር ወደ ላይ ተነስቶ ምግብና ውሃ በአፍንጫ እንዳይወጣ ያግዛል። ጉሮሮ ሲቆጣ አብሮ ያብጣል፤ «ወረደ» የሚያሰኘውም ይኸው እብጠት ነው። አያቱ ያዩትን አይተዋል፤ የሳቱት መንስኤውን ነው።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ በራሱ ይድናል። እኔን የሚያሳስበኝ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ሳይታከም ከቀረ፣ ጉሮሮው ከዳነ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትልና የልብን ቫልቭ ለዕድሜ ልክ ሊጎዳ ይችላል። በአገራችን በርካታ ወጣት የልብ ሕሙማን መነሻቸው ይኸው ነው። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ይከላከላል፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፣ የታዘዘለትንም ሳያቋርጥ ይጨርስ።

በምላጭ መቁረጥ ግን ደም መፍሰስና ቴታነስ ያመጣል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የሕፃን እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዶች ቆጥሮታል።

ምራቁን መዋጥ ካቃተው ወይም ሲተነፍስ ካንኮራፋ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።