የጤና ትምህርት፦ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓትና ጭንቀት

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ከሚልኩልን ዕቃ መካከል የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት አንዱ ነው። በማታ ትምህርት ክፍላችን የሚማሩ አንዲት እናት የልብ ምት መዛባት ስላለባቸው ልጃቸው ይህንኑ ሰዓት ላከላቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሊት እየተነሡ ሰዓቱን ሲያዩ ያድራሉ። «ያመመኝ ልቤ ነው ወይስ ሰዓቱ?» ሲሉ ጠየቁን።

የልብ ምት መዛባት ብዙ ዓይነት አለው። አንዱ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። በዚህ ሕመም የልብ የላይኛው ክፍሎች በሥርዓት በመምታት ፋንታ ይርገበገባሉ። ደም በውስጣቸው ሊረጋ፣ የረጋውም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ክትትል ያስፈልገዋል።

ሰዓቱ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ የደሙን ትርታ ይቆጥራል። ሆኖም ሲላላ ወይም እጅ ሲንቀሳቀስ ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ይህ ሕመም ያለባቸውን 172 ሰዎች ተመልክቷል። እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚጠቀሙት 83ቱ ከሌሎቹ ይልቅ ስለ ሕመማቸው አብዝተው ሲያስቡ ተገኝተዋል። ከአምስቱ አንዱም ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ይጨነቅ ነበር። ጭንቀት ደግሞ ራሱ የልብን ምት ያፈጥናል። ሰውየው ይፈራል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ሰዓቱን ያያል፣ የባሰ ይፈራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ሰዓቱን በቀን ስንት ጊዜ ማየት እንደሚገባን የጤና ባለሙያውን እንጠይቅ።

2. ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ተቀምጠን ቀስ ብለን እንተንፍስ። ጥቂት ካረፍን በኋላ ሁለት ጣት በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አድርገን አንድ ደቂቃ ሙሉ እንቁጠር። ያረፈ አዋቂ ሰው ምት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ነው። ቁጥሩንና ቀኑን ጽፈን ወደ ክሊኒክ እንውሰድ።

3. ሰዓቱን አይተን መድኃኒት አናቋርጥ፣ አንጨምርም።

4. የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ከታየ፣ ሰዓቱ ዝም ቢልም እንኳ ሳንዘገይ ወደ ክሊኒክ እንሂድ።

እኚያ እናት ከነርሷ ጋር ተመካክረው ሰዓቱን ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ያያሉ፤ ማታ አውልቀው ይተኛሉ። መድኃኒታቸውን ግን አንድም ቀን አላጓደሉም።

መልመጃ፦ ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ የአንዱን ትርታ አንድ ደቂቃ ቁጠሩና ጻፉ።