አማካዩን ከማመናችን በፊት፦ የስታቲስቲክስ ሀሁ በኮምፒዩተር

በሸካ ዞን፣ በአንድራቻ ወረዳ፣ በጌጫ አካባቢ የደን ማር የታወቀ ምርት ነው። ባህላዊ ቀፎዎች ረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቀላሉ፤ የሚቆረጠው ማርም ከቀፎ ቀፎ ይለያያል። ታዲያ «አንድ ቀፎ ስንት ኪሎ ይሰጣል?» ብንባል ምን እንመልሳለን?

ለልምምድ ያህል የአሥር ቀፎዎች ምርት በኪሎ ግራም የሚከተለው ነው እንበል፦ 5፣ 6፣ 7፣ 5፣ 8፣ 6፣ 7፣ 6፣ 5፣ 7።

ኤክሴልን ወይም በነፃ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስ ካልክ እንክፈትና ቁጥሮቹን በመጀመሪያው ዓምድ ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ ሴል አንድ ቁጥር እየጻፍን እናስገባ። ቀጥሎም በባዶ ሴል የእኩል ምልክት፣ የቀመሩን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ የአሥሩን ሴሎች ክልል እንጻፍ።

«አቬሬጅ» የተባለው ቀመር አማካዩን ይሰጠናል፤ ይኸውም ድምሩ 62 ለ10 ተካፍሎ 6.2 ነው። «ሚዲያን» ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ መሐል ላይ የሚውለውን ያወጣል፤ እርሱም 6 ነው። «ስቲዴቭ» መደበኛ ልይይትን፣ ማለትም ቁጥሮቹ በአማካዩ ዙሪያ ምን ያህል እንደተበተኑ ይለካል። እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ያለውን ልዩነት በራሱ አባዝቶ ይደምራል፤ ድምሩን 9.6 ከብዛቱ አንድ ተቀንሶ ለሚገኘው 9 ያካፍላል፤ በመጨረሻም ስኩዌር ሩቱን ያወጣል። ውጤቱ 1.03 ገደማ ነው።

አሁን በመተየብ ስሕተት የመጨረሻው 7 ወደ 70 ተለወጠ እንበል። ኮምፒዩተሩ አይቃወምም፤ አማካዩን 12.5፣ መደበኛ ልይይቱን 20.2 ገደማ ብሎ ይነግረናል። ሚዲያኑ ግን 6 እንደሆነ ይቀራል! 40 ቀፎዎች ያሉት ቤተሰብ ይህን አማካይ አምኖ 500 ኪሎ ለማቅረብ ቢዋዋል፣ ትክክለኛው ስሌት የሚያሳየው 248 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ከውሉ ግማሽ ያህሉን እንኳ መሙላት ያቅተዋል። የአንዲት ዜሮ ዋጋ ይህን ያህል ነው።

ስለዚህ ሚዲያን ከአማካይ ይበልጣል ማለታችን ነውን? አይደለም። ጠቅላላ ምርትን ለመገመት አማካዩን በቀፎዎቹ ብዛት እናባዛለን፤ «የተለመደው ቀፎ ምን ይሰጣል?» ለሚለው ጥያቄ ግን ሚዲያኑ ጥሩ መልስ ነው። ሁለቱ እጅግ ሲራራቁ ወደ ቁጥሮቹ ተመልሰን እንመርምር።

ይሁን እንጂ ከሌሎቹ የራቀን ቁጥር ደስ ስላላለን ብቻ መሰረዝ ሳይንስ አይደለም። መጀመሪያ ከመዝገቡ ጋር እናመሳክር። ስሕተት ከሆነ እናርመዋለን፤ እውነት ከሆነ ግን ያ ቀፎ ከሌሎቹ በምን እንደተለየ መጠየቅ ይገባናል። አዲስ ዕውቀት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለው ቁጥር ነው።

ውድ አንባብያን፣ ለመልመጃ 70ን በ17 ተኩና ሦስቱንም ውጤቶች ኮምፒዩተሩን ከመጠየቃችሁ በፊት በእጃችሁ አስሏቸው።